የዋይ-1 ተቀባይ ዘረ መል ስንተኛው ክሮሞዞም ላይ ነው? የደብረ ማርቆስ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 2

የዚህ ሥራ መልስ የታወቀ ነው። የኒውሮፔፕታይድ ዋይ የመጀመሪያው ተቀባይ፣ በአጭሩ ዋይ-1፣ ዘረ መሉ በሰው አራተኛ ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ መሆኑ በ1993 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቦታው 4ኪው31.3 እስከ 4ኪው32 ተብሎ ተጽፏል (4 ክሮሞዞሙ፣ ኪው ረጅሙ ክንድ፣ ቀሪው ቁጥር በክንዱ ላይ ያለው ቦታ ነው)። በድጋሚ የሚሠራው መልሱ የታወቀ በመሆኑ ነው። ዘረ መሉም ዘዴውም አዲስ ከሆኑ፣ ውጤቱ ሲበላሽ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። መልሱ በእጅ ካለ ግን የሚፈተነው ዘዴው ብቻ ይሆናል።

ስለ ዘረ መሉ መያዝ ያለበት ይህ ነው። ኒውሮፔፕታይድ ዋይ 36 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ሲሆን በ1982 እ.ኤ.አ. ከአሳማ አንጎል ተለይቶ ወጣ። "ዋይ" የተባለው በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ታይሮሲን ስላለ ነው፤ የታይሮሲን ምልክት ዋይ ናትና። የምግብ ፍላጎትንና የደም ሥር መጥበብን ከሚያዝዙት አንዱ ነው። ተቀባዩ ዋይ-1 በሰው 384 አሚኖ አሲድ አለው፤ የህዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ እየወጋ ያልፋል። ዘረ መሉ ውስጥ፣ አምስተኛው መሻገሪያ እንዳለቀ፣ 97 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ብቻ የሆነች ትንሽ ኢንትሮን፣ ማለትም ወደ ፕሮቲን የማትተረጎም ክፍል፣ አለች።

ወንድሞቹን ካላወቁ እሱን ማግኘት አይቻልም። ዋይ-2 እና ዋይ-5 እዚያው አራተኛው ላይ ናቸው። ዋይ-4 አሥረኛው ላይ ነው። ዋይ-6 ደግሞ አምስተኛው ላይ፣ 5ኪው31 አካባቢ ተቀምጧል፤ በሰው ላይ ሥራውን ያቆመ ዘረ መል ነው። አራተኛውና አምስተኛው ክሮሞዞም በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። ይህ ነገር በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

መንገዱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ ፒሲአር (የተመረጠን የዲኤንኤ ቁራጭ ደጋግሞ የሚያበዛ ዘዴ) በድቅል ህዋሶች ዲኤንኤ ላይ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ድቅል በአይጥ ወይም በሃምስተር ህዋስ ውስጥ አንድ የሰው ክሮሞዞም ብቻ የያዘ ነው። ይህ ክሮሞዞሙን ይናገራል፣ ቦታውን ግን አይናገርም። ከዚያ ፊሽ ይከተላል፤ ቀለም የተቀባ የዲኤንኤ ቁራጭ (ፕሮብ) በተዘረጋ ክሮሞዞም ላይ ይጣበቅና ቦታው በዓይን ይታያል። ሁለቱ ካልተስማሙ ውጤት የለም።

ጥር 4

ከማንኛውም ሥራ በፊት ከፍታውን ማረም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ነው። የሥራ መመሪያዎች የተጻፉት ግን ባሕር ዳርቻ ለተቀመጠ ቤተ ሙከራ ነው። (ከዚህ በኋላ ዲግሪ የተባለው ሁሉ ሴልሲየስ ነው።)

ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። "ፕሮቡን በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ" የሚል የቆየ መመሪያ እዚህ 100 ዲግሪ አይሰጥም፣ ውሃው ቢንተከተክም። ስለዚህ ዲኤንኤ የሚከፈተው (ሁለቱ ክሮቹ የሚለያዩት) በፒሲአር ማሽኑ ብሎክ ላይ ብቻ ነው። አጋሮዝ (የጄል ዱቄት) ሲቀልጥም ቶሎ ይገነፍላል፣ ውሃውም ቶሎ ይተናል። ፍላስኩ ሳይሞቅ በፊት ይመዘን፣ ከቀለጠ በኋላ ይመዘን፣ የጎደለው በሞቀ የተጣራ ውሃ ይሞላ። ይህ ካልተደረገ 2 በመቶ የተባለው ጄል 2.3 ይሆንና ባንዶቹ (ዲኤንኤው ጄሉ ላይ የሚታይባቸው መስመሮች) ካለፈው ሳምንት ጄል ጋር አይነጻጸሩም።

አውቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ድስት) ከሁሉ ይብሳል። ጌጁ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። የውጭው አየር እዚህ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲል ውስጡ 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። እውነተኛ 121 ለማግኘት ጌጁ ወደ 18.8 መድረስ አለበት። ድስቱ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ይህን ግፊት ካልፈቀደ መግፋት ክልክል ነው፤ በምትኩ ሰዓቱ ከ15 ወደ 35 ደቂቃ ይረዝማል። የሚጠቁረው ቴፕ ሙቀት መንካቱን እንጂ መብቃቱን አይመሰክርም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይም ያው ነው። 5 በመቶ ተብሎ የተሞላ ኢንኩቤተር እዚህ የሚሰጠው የጋዝ ግፊት ከባሕር ወለሉ ያነሰ ስለሆነ መረቁ (ህዋስ የሚያድግበት ፈሳሽ) አሲዱ አንሶ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ለደም ባህል (የደም ህዋስን በቱቦ ውስጥ ለማሳደግ) ቀላሉ መፍትሔ ጋዙን መተው ነው፦ 25 ሚሊሞላር ሄፔስ (አሲድነቱን የሚጠብቅ ንጥረ ነገር) ያለበት መረቅ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ በተዘጋ ቱቦ።

ጥር 6

የመጀመሪያው ፒሲአር። ለአንድ ቱቦ 25 ማይክሮ ሊትር፦ 12.5 ሁለት እጥፍ ሚክስ፣ ከሁለቱ ፕራይመሮች፣ ማለትም የሚበዛውን ቁራጭ በሁለት ጫፍ ከሚይዙት አጫጭር ዲኤንኤዎች (10 ማይክሮሞላር)፣ አንድ አንድ፣ 8.5 ውሃ፣ 2 ዲኤንኤ (በማይክሮ ሊትር 25 ናኖግራም)። ቱቦዎቹ 28 ናቸው፦ 24 ድቅሎች፣ የሰው፣ የአይጥና የሃምስተር ሙሉ ዲኤንኤ፣ እና ውሃ ብቻ። ማስተር ሚክሱ (ከዲኤንኤው በቀር የሁሉም ድብልቅ) ለ30 ይሠራል፤ ለ28 ልክ የተለካ ሁልጊዜ በመጨረሻው ቱቦ ያንሳል። ፕሮግራሙ 95 ዲግሪ 3 ደቂቃ፤ ከዚያ 35 ዙር 94፣ 58 እና 72 ዲግሪ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ፤ መጨረሻ 72 ዲግሪ 5 ደቂቃ።

ፕራይመሮቹ የተመረጡት በዚያች በ97 ቤዝ ኢንትሮን ግራና ቀኝ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፦ ኢንትሮኗ ካለች ናሙናው እውነተኛ ጂኖም እንጂ ከአርኤንኤ የተገለበጠ ቅጂ አለመሆኑ በመጠኑ ይታወቃል።

ውጤቱ፦ በ27ቱም ጉድጓድ ባንድ አለ። ባዶ የሆነው ውሃው ብቻ ነው። ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ብክለት አይደለም። የአይጥና የሃምስተር ጉድጓዶች ራሳቸው ባንድ ሰጥተዋል፤ ጥፋቱ የምርጫው ነው። ፕሮቲን የሚጻፍበት ክፍል በሰውና በአይጥ መካከል እጅግ ይቀራረባል፤ በዋይ-1 የአሚኖ አሲዱ መመሳሰል ከ90 በመቶ በላይ ነው። ፕራይመሩ የአይጡን ዘረ መል እንደ ራሱ ቆጥሮታል። የአይጥና የሃምስተር መቆጣጠሪያ ያልተጫነበት ጄል ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባንድ "ማሽኑ በደንብ ሠርቷል" ተብሎ ያልፍ ነበር።

ጥር 8

ሁለተኛው ጥንድ ፕራይመር። ሁለቱም ጥንዶች በአንድ ላይ ታዘው ስለነበር ሥራው አልቆመም። ፕራይመር ከውጭ እስኪደርስ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ለአንድ ዘረ መል ሁለት ጥንድ ሳያዙ መጀመር ወር ማባከን ነው።

ይህኛው ያረፈው ከፕሮቲኑ ማብቂያ በኋላ ባለው፣ ወደ ፕሮቲን በማይተረጎመው ጅራት ላይ ነው። እዚያ ለውጥ የሚከለክለው ነገር ትንሽ ስለሆነ የሰውና የአይጥ ጽሑፍ በዘመናት ብዛት ተራርቋል። አመራረጡ እንዲህ ነው፦ የጅራቱን ጽሑፍ በጂኖም ብራውዘር ላይ መክፈት፤ ተደጋጋሚ ተብለው የተጠቆሩትን ቦታዎች መተው፤ ከቀረው ውስጥ ከ150 እስከ 300 ቤዝ የሚሆን ቁራጭ መውሰድ፤ የሁለቱንም ፕራይመር የመጨረሻ አምስት ፊደሎች ከአይጡ ጽሑፍ ጋር አስተያይቶ ቢያንስ ሁለቱ የማይገጥሙትን መያዝ። ፕራይመር የሚረዝመው ከጫፉ ስለሆነ ጫፉ ካልገጠመ ሌላው ቢገጥምም አይረዳውም።

ማጣበቂያው ሙቀት በ56፣ 58፣ 60 እና 62 ተሞከረ። በ56 ሃምስተሩ ደብዛዛ ባንድ አሳየ፣ በ60 ጠፋ፣ በ62 የሰውም ደከመ። 60 ተያዘ።

ውጤቱ፦ የሰው ሙሉ ዲኤንኤ ባንድ አለው። ድቅል 4 ባንድ አለው። አይጥ፣ ሃምስተርና ውሃ ባዶ። ድቅል 5 ግን ጥላ የመሰለ ደካማ ባንድ አለው። ደካማ ባንድ ሦስት ምንጭ ሊኖረው ይችላል፦ ከጎረቤት ጉድጓድ የፈሰሰ፣ ድቅሉ ራሱ የሌላ ክሮሞዞም ስባሪ የተሸከመ፣ ወይም በዚያ ክሮሞዞም ላይ ያለ ዘመድ ዘረ መል። ሦስተኛው እዚህ ያስደነግጣል፤ ዋይ-6 አምስተኛው ላይ ነውና። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ያው ቱቦ እንደገና ይጫናል፣ ግን ከ4 ርቆ፣ በሁለቱም ጎኑ ባዶ ጉድጓድ ትቶ። ባንዱ ጠፋ። መፍሰስ ነበር። ከዚህ በኋላ 4 እና 5 ጎን ለጎን አይጫኑም።

ድቅሎች ክሮሞዞም ይጥላሉ፣ ስባሪም ይይዛሉ፤ ስለዚህ አንድ ጄል አይበቃም። ሦስት ጊዜ ተደግሞ ሦስቱም 4 ብለዋል። ከ23ቱ ሌሎች ድቅሎች የተገኘው ባዶነት በሠንጠረዡ ላይ እኩል ቦታ ይዞ ተጽፏል።

ጥር 13

ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ እስኪያልፉ የደም ባህሉ እንዲቆይ ተደርጓል። ባህሉ 72 ሰዓት ስለሚፈልግ የሚነሣበት ቀን በዓል ላይ እንዳይወድቅ ከመጀመሩ በፊት በጣት መቆጠር አለበት።

ደሙ በጽሑፍ ከፈቀደ ለጋሽ፣ በሶዲየም ሄፓሪን ቱቦ ተወሰደ። ኢዲቲኤ አይሆንም፤ ካልሲየሙን ስለሚይዘው ህዋሶቹ ለመከፋፈል አይነሡም። ሊቲየም ሄፓሪንም ይጎዳል። ለአንድ ቱቦ 0.5 ሚሊ ሊትር ደም፣ 5 ሚሊ ሊትር አርፒኤምአይ 1640 ከ15 በመቶ የጥጃ ሴረም ጋር፣ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን፣ እና ፋይቶሄማግሉቲኒን 0.1 ሚሊ ሊትር። ይህ የመጨረሻው ከቦሎቄ ዘር የሚወጣ ነው፤ ያለ እሱ ነጭ የደም ህዋስ ተኝቶ ይቀራል። 37 ዲግሪ፤ ቱቦው ጋደም ብሎ፤ በቀን ሁለት ጊዜ በቀስታ መገልበጥ።

መብራት ሲጠፋ ኢንኩቤተሩን የሚያቆየው ሥሩ የተደረደሩ ስድስት ባለ 2 ሊትር ውሃ ጠርሙሶች ናቸው፤ አስቀድመው 37 ዲግሪ የደረሱ። በሩ ካልተከፈተ ሙቀቱ የሚወርደው በቀስታ ነው። "ምን ሆኖ ይሆን" ብሎ መክፈት ከመብራቱ መጥፋት የበለጠ ይጎዳል።

ጥር 16

ማንሣት። ኮልሰሚድ (የህዋስ መከፋፈልን በመሐሉ የሚያቆም መድኃኒት) እስከ 0.1 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር፣ ለ30 ደቂቃ። አንድ ሰዓት ከቆየ ብዙ ሜታፌዝ (ክሮሞዞሞቹ ተለይተው በሚታዩበት የመከፋፈል ደረጃ ላይ ያለ ህዋስ) ይገኛል፣ ክሮሞዞሞቹ ግን እንደ ባቄላ አጥረው ይደነድናሉ፤ በዚያ ላይ ቦታ መለካት አይቻልም።

በ200 ጂ 10 ደቂቃ አሽከርክሮ ላዩን መድፋት። ከዚያ በ37 ዲግሪ የሞቀ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.075 ሞላር (በሊትር 5.59 ግራም) 8 ሚሊ ሊትር፣ ለ18 ደቂቃ። ህዋሱ ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠው እዚህ ነው። ቀጥሎ አዲስ የተቀላቀለ ሜታኖልና አሴቲክ አሲድ፣ ሦስት ለአንድ፣ በመጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ብቻ፣ ቱቦውን እየነቀነቁ። በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ ህዋሶቹ ተጓጉለው እንደ አይብ ይሆናሉ፤ ያ ቱቦ አይመለስም። ማጠቢያው ሦስት ጊዜ ይለወጣል። ጠጣሩ ነጭ መሆን አለበት፤ ቡናማ ከሆነ አራተኛ።

ጥር 17

ስላይድ ላይ መጣል። ከጠቅላላው ሥራ የጎጃም አየር በቀጥታ የሚገባበት ደረጃ ይህ ነው። በጥር አየሩ ደረቅ ነው፣ ከፍታውም ትነቱን ያፈጥናል። ሜታኖሉ ቶሎ ሲበር ህዋሱ ሳይፈነዳ ይደርቃል፤ ክሮሞዞሞቹ በቅርፊት እንደታሰሩ ይቀራሉ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ አየሩ እርጥብ ስለሆነ መድረቁ ይዘገያል፣ ክሮሞዞሞቹ ከቤታቸው ወጥተው ይበተኑና 46 መቁጠር አይቻልም።

ዛሬ የተያዘው መንገድ፦ ስላይዱ በቀዝቃዛ የተጣራ ውሃ ይርሳል፤ 15 ማይክሮ ሊትር ከአንድ ስንዝር ከፍታ ይጣላል፤ ወዲያው 60 ዲግሪ ከደረሰ ዋተር ባዝ እንፋሎት በላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ለ20 ሰከንድ ይያዛል። ፊቱ ላይ በቅርብ መመልከት ያስፈልጋል። ጠብታው መጀመሪያ ክብ ሆኖ ይሰፋል፤ ከዚያ ጠርዙ ላይ የቀስተ ደመና መሰል ቀለበቶች ይታያሉ፤ ቀጥሎ ፊቱ በድንገት የተነፋ ጤፍ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ከእንፋሎቱ መውጣት ያለበት በዚያች ቅጽበት ነው። ዱቄቱ ሳይታይ ከወጣ ሜታፌዙ ጠባብ ይሆናል፤ ከታየ በኋላ ከቆየ ይበተናል።

ሲደርቅ በፌዝ ኮንትራስት ይታያል። ጥሩ ክሮሞዞም ጥቁር ግራጫ ነው። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቅርፊት አለው፤ እጅግ የገረጣ ከሆነ ተሟጧል። ከ12 ስላይድ 7 ተያዙ። ለሁለት ቀን በክፍሉ ሙቀት ይቆያሉ፤ ትኩስ ስላይድ በ72 ዲግሪ ሲከፈት ክሮሞዞሙ ይቀልጣል።

ጥር 19

ፕሮብ። የዋይ-1ን አካባቢ የያዘው የባክ ክሎን (በባክቴሪያ ውስጥ የሚበዛ ትልቅ የሰው ዲኤንኤ ቁራጭ) ከ170 ሺህ ቤዝ በላይ ነው። ባክቴሪያው በኤልቢ መረቅ፣ ክሎራምፌኒኮል 12.5 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር፣ ሌሊቱን አደገ። የወጣው ዲኤንኤ ከመቀባቱ በፊት በጥር 8ቱ ፕራይመር ተፈተነ፤ ባንድ ሰጠ። የተሳሳተ ክሎን ቀብቶ ሳምንት ከመጨረስ ይህ ሁለት ሰዓት ይሻላል።

1 ማይክሮግራም ዲኤንኤ በኒክ ትራንስሌሽን (ዲኤንኤውን እየቆረጠ ቀለም የሚያስገባ የኢንዛይም ዘዴ)፣ በብርቱካናማ ቀለም፣ 15 ዲግሪ ለ2 ሰዓት። 5 ማይክሮ ሊትር ጄል ላይ ሲሮጥ ጭስ የመሰለው ከ200 እስከ 500 ቤዝ መካከል መውደቅ አለበት። የዛሬው እስከ 900 ይደርስ ነበር፤ ዲኤንኤስ (ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም) ተጨምሮለት 15 ደቂቃ ቀጠለ። ረጅም ቁራጭ ክሮማቲን ውስጥ ስለማይገባ ስላይዱ ላይ ተበትኖ እንደ ኮከብ ያበራል። ከ150 ያነሰ ደግሞ በማጠቢያው ይሄዳል።

ለአንድ ስላይድ 100 ናኖግራም ፕሮብ ከ5 ማይክሮግራም የሰው ኮት-1 ዲኤንኤ ጋር፣ በ10 ማይክሮ ሊትር (50 በመቶ ፎርማማይድ፣ ሁለት እጥፍ ኤስኤስሲ የተባለ የጨው መፍትሔ፣ 10 በመቶ ዴክስትራን ሰልፌት)። ኮት-1ን መቀነስ አይቻልም፤ ባኩ ውስጥ ያሉ ተደጋጋሚ ጽሑፎች ካልተሸፈኑ 46ቱም ክሮሞዞሞች በሙሉ ብርቱካናማ ይሆናሉ። ፎርማማይድ ፅንስ ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ደረጃ አትሠራም፣ ሌላውም ያለ ጭስ ማውጫና ያለ ጓንት አይነካውም።

ጥር 20

ስላይዶቹ፦ አርኤንኤስ (አርኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም) 37 ዲግሪ 1 ሰዓት፤ ፔፕሲን 0.005 በመቶ በ10 ሚሊሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 7 ደቂቃ፤ 70 በመቶ ፎርማማይድ በ72 ዲግሪ፣ ልክ 2 ደቂቃ። የሚለካው የፈሳሹ ሙቀት ነው፣ የዋተር ባዙ ቁጥር አይደለም፤ ልዩነቱ ዛሬ 3 ዲግሪ ነበር። አራት ስላይድ በአንድ ጊዜ ሲገባ ፈሳሹ ይቀዘቅዛል፤ ሁለት ሁለት ይግባ። ከዚያ በረዶ የቀዘቀዘ ኤታኖል 70፣ 85፣ 100።

ፕሮቡ 75 ዲግሪ 8 ደቂቃ ተከፍቶ፣ 37 ዲግሪ 30 ደቂቃ ከኮት-1 ጋር ቆይቶ ተጣለ። በ4ቱ ስላይድ ላይ የአራተኛው ክሮሞዞም ሴንትሮሜር (ሁለቱ ክንዶች የሚገናኙበት ቦታ) አረንጓዴ ፕሮብ ተጨምሯል፤ በ1ዱ ላይ ሆን ተብሎ አልተጨመረም። የሽፋኑ ጠርዝ በጎማ መለጠፊያ ማስቲሽ ዙሪያውን ተዘጋ። ነገ አስተርዮ ማርያም ስለሆነ ስላይዶቹ ሁለት ሌሊት ያድራሉ። ይህ አይጎዳም፣ ጠርዙ እስካልደረቀ፤ ስለዚህ ማስቲሹ ሁለት ጊዜ ተደርቧል፣ ሳጥኑ ውስጥም የረጠበ ጨርቅ አለ።

ጥር 22

ማጠቢያ፦ 0.4 እጥፍ ኤስኤስሲ 72 ዲግሪ 2 ደቂቃ፣ ሁለት እጥፍ ኤስኤስሲ ከ0.1 በመቶ ትዊን ጋር 1 ደቂቃ፣ ዳፒ (ክሮሞዞሞቹን ሁሉ ሰማያዊ የሚያደርግ ቀለም)። የሜርኩሪ መብራቱ አንዴ ከጠፋ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። መብራት መጥቶ ሄዶ የሚያስቸግር ቀን ከሆነ ማይክሮስኮፑ በጄኔሬተር መስመር ላይ ይሁን።

ከ20 ሜታፌዝ በ16ቱ ሁለቱም አራተኛ ክሮሞዞሞች ላይ፣ በረጅሙ ክንድ መጨረሻ አጠገብ፣ በሁለቱም ክሮማቲድ (የክሮሞዞሙ ሁለት ቅጂዎች) ላይ ጥንድ ብርቱካናማ ነጥብ አለ። በ4ቱ አንደኛው ክሮሞዞም ብቻ አበራ። በሌላ ክሮሞዞም ላይ የተደጋገመ ነጥብ የለም።

አረንጓዴ ያልተጨመረበት ስላይድ ግን ለተለየ አንባቢ ሲሰጥ፣ ሦስት ሜታፌዝ ላይ "5ኪው31" ተብሎ ተመለሰ። ይህ ስህተት የሚጠበቅ ነው። የሁለቱም ክሮሞዞም ሴንትሮሜር ከአጭሩ ጫፍ ሲለካ ሩብ ያህል ላይ ነው፤ ርዝመታቸውም ይቀራረባል፤ ዳፒ ብቻውን አይለያቸውም። አደገኛው ነገር 5ኪው31 ላይ ዋይ-6 በእርግጥ መኖሩ ነው፤ የተሳሳተው ንባብ ከመጽሐፍ ድጋፍ ያገኛል።

ጥር 24

መፍትሔው መለካት ነው። ከአጭሩ ክንድ ጫፍ እስከ ነጥቡ ያለው ርዝመት ለጠቅላላው ርዝመት ይካፈላል። አራተኛው ወደ 190 ሚሊዮን ቤዝ ነው፤ ዋይ-1 ደግሞ 163 ሚሊዮን ገደማ ላይ፤ ስለዚህ የሚጠበቀው 0.86። ዋይ-6 በአምስተኛው ላይ ቢሆን 0.76 አካባቢ ይወድቅ ነበር። የታጠፈ ክሮሞዞም በቀጥታ መስመር አይለካም፣ በመሐሉ ተከትሎ በስብርባሪ መስመር እንጂ። ሦስቱ አከራካሪ ሜታፌዞች ሲለኩ 0.85፣ 0.87 እና 0.86 ሰጡ። አምስተኛው አይደሉም። ንባቡ ተሰርዞ አልጠፋም፤ ከጎኑ ልኬቱ ተጽፏል።

ዋይ-2 በዚያው ክንድ 8 ሚሊዮን ቤዝ ያህል ወደ ሴንትሮሜሩ ቀርቦ ነው፤ የሚጠበቀው 0.82 ስለሆነ በልኬት ብቻ ከዋይ-1 መለየት ያስቸግራል። በሁለት ቀለም ግን በአንድ ክሮሞዞም ላይ ሁለት ነጥብ ሆነው ይታያሉ፤ የዋይ-2 ባክ በአረንጓዴ ለሚቀጥለው ዙር ተዘጋጅቷል። ዋይ-5 በዚህ ዘዴ አይለይም። ከዋይ-1 ጋር ጀርባ ለጀርባ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነበብ፣ ጫፉም ተደራራቢ ስለሆነ በዚያው አንድ ባክ ውስጥ ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው "የዋይ-1 እና የዋይ-5 አካባቢ፣ 4ኪው31.3 እስከ ኪው32" ተብሎ ነው።

የቀረው ፕሮብ በሦስት ቱቦ ተከፍሎ፣ በፎይል ተጠቅልሎ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገብቷል። ያልተነኩ ሁለት ስላይዶች ከሲሊካ ጄል ጋር በዚያው አሉ። ቀሪው የህዋስ ጠጣር በአዲስ ሜታኖልና አሴቲክ አሲድ ውስጥ ነው፤ ለሐምሌው ሲወጣ እንፋሎቱ ይቀራል፣ ስላይዱም ሳይርስ ደረቅ ሆኖ ይጀመራል።